ወንድሟ ሆኜ የሄድኩበት ሀጅ

የሚስቴን ድምፅ የምሰማው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቴፕ ያላቸው ሌሎችም ነበሩ፤ ለእኔ እሺ የሚለኝ ግን ያ ባለ ሻይ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቴፑን ከባንኮኒው ንቅንቅ አያደርገውም። ከጂዳ የሚመለስ ሰው ካሴቱን በሸሚዝ ጠቅልሎ ያመጣልኛል። ከሥራ ስወጣ ይዤው እገባለሁ። ባለ ሻይ ቤቱ የጀመረውን ዘፈን ቆርጦ የእኔን ይከታል። ሻይ ጠጪው ሁሉ ጸጥ። ስሙ ብሎ የጋበዛቸው የለም፤ ግን የሰው ሚስት ስታወራ ጆሮውን የሚደፍን ማን ነው?

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ወንድሜ፤ እንደምን አለህ?» ብላ ትጀምራለች።

«ወንድሜ!» ይላል አንዱ ከጥግ። «ጉድ ፈላ! ሚስቱ ወንድሜ አለችው!»

«ታዲያ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ምን ትበለው? ሆዴ ትበለው?» ይላል ባለ ሻይ ቤቱ።

«እኔ ብሆን ሆዴ ካላለችኝ ካሴቱን መልሼ እልክላት ነበር።»

«አንተማ ሚስትህ ጓዳ ሆና ስትሰድብህ በነፃ ትሰማለህ፤ ካሴት ምን ያደርግልሃል? ዝም በል፣ ሰውየው ይስማበት።»

ወንድሜ የምትለኝ አፍራ አልነበረም። ጂዳ የምትሠራበት ቤት ባል ያላት ሴት አይቀጥርም። ስለዚህ ባል የለኝም፣ ያለኝ ወንድም ብቻ ነው ብላ ገባች። ካሴቱ ላይ እንኳ ወንድሜ ማለቷ «አፌን ካላስለመድኩት አንድ ቀን ያጋልጠኛል» ብላ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ቃል ስሰማ ጥርሴን ነክሼ ሻይዬን አማስላለሁ። ስኳሩ ከሟሟ በኋላም አማስላለሁ።

እህትና ወንድም የሆንነው ግን እዚሁ ደሴ ነው። ኒካሁን ያሰሩልን የሰፈራችን ሼህ ናቸው፤ ምስክር ተቀመጠ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው በላ፣ አለቀ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማን ጠየቀ? በኋላ ቀበሌ ቤት ለቤት ሲመዘግብ ጸሐፊው የእኔን ስም ከነአባቴ ጻፈ። ቀጥሎ የእሷን ስም ጠየቀ፤ የአባቷን ግን ሳይጠይቅ የእኔን አባት ስም ገለበጠባት። ያኔ እኔ ማንበብ አልችልም፣ እሷም አትችልም። መታወቂያችንን ተቀብለን፣ አመስግነን ወጣን።

ነገሩን ያወቅኩት መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ ደርግ ነው። ለሌላው ሥራው የምለው ሞልቶኛል፤ ይህን ውለታውን ግን አልክድም። ጢሜ ከሸበተ በኋላ ቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። ማንበብ ስችል ቤት ውስጥ የተጻፈ ነገር ፈለግኩ። የተገኘው የሁለታችን መታወቂያ ነው። የራሴን አነበብኩ። የሚስቴን ሳነብ እህቴ ሆና አገኘኋት።

ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እንግዲያ ከእህቱ ጋር የሚተኛ የለም፤ ውረድ፣ መሬት ላይ አንጥፍ» አለችኝ። እናርመው አልኩ። ቀበሌ ተመላልሶ ስም ለማሳረም የነበረውን ውጣ ውረድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንዲሁ ቀረ። እሷ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ሞክራ «እንደ ጉንዳን ይሄድብኛል» ብላ ተወችው። ስለዚህ ስትሄድ ደብዳቤ በመካከላችን አልሆነም፤ እኔ ብጽፍ የሚያነብላት ሌላ ሰው ነው። በሰው አፍ ከማወራት በሰው ፊት ባወራት ይሻላል ብዬ ካሴቱን መረጥኩ።

ሥራዬ ቆዳ ነው። ለአንድ ነጋዴ የበጉን፣ የፍየሉን፣ የከብቱን ቆዳ ተቀብዬ፣ የቀረበትን ሥጋ ፍቄ፣ ጨው አልብሼ እደረድራለሁ። መጋዘኑ ሲሞላ መኪና ላይ ጭነን በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ፋብሪካ እናወርዳለን። ሚስቴ ደጋን ያሉትን እናቷን መጠየቅ ስትፈልግ አብራን ትሄድ ነበር፤ እሷ ጋቢና፣ እኔ ላይ ከቆዳው ጋር። ደሴ ጉሙ ውስጥ ተጠቅልለን እንነሳለን። ሐረጎን ወርደን ስንጨርስ አየሩ ይለወጣል፤ ጋቢዋን ትገፋለች፣ አንገቷ ይወጣል። ኮምቦልቻ ቆዳው እስኪራገፍ ቦርከና ዳር ቁጭ ብለን ሙዝ እንበላለን። ከዚያ እሷ ወደ ደጋን የሚሄድ መኪና ትይዛለች፣ እኔ በባዶው መኪና ዳገቱን እመለሳለሁ። ይኸው ነው። ሌላ ደስታ አላውቅም ነበር፤ ደስታ መሆኑንም ያወቅኩት ከቀረ በኋላ ነው። እሷ ከሄደች ወዲህ ያ መኪና ሐረጎን ሲወርድና ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ የሸረሪት ድር እንደተለጠፈበት ሰው ፊቴን እጠርጋለሁ።

ለምን ሄደች? የቀበሌዋ ክፍላችን ታፈስ ነበር። በክረምት አልጋውን ከግድግዳ ግድግዳ ስንጎትት እናድራለን። ልጅ አልሰጠንም። «ቤት እንኳ ይኑረን» አለች። ጎረቤታችን የነበሩ ሀብታም ባልቴት ከልጃቸው ጋር ሀጅ ሲሄዱ የምትደግፋቸው ሴት ፈለጉ፤ እሷን ወሰዱ። ባልቴቷ ተመለሱ፣ እሷ ቀረች። አስቀድመን የተነጋገርነው እንደዚያ ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ተባብለን ነበር። አንድ ዓመት ብሎ የሄደ ሰው በዓመቱ ሲመለስ ያየ ካለ ይንገረኝ።

አማቴ ሌላ ልጅ የላቸውም። የሄደችበት አውቶቡስ በኮምቦልቻ ሲያልፍ ከደጋን መጥተው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። እሷ በመስኮት እጇን አወዛወዘች፤ እሳቸው እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም። በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አንዲት ነገር ብቻ አሉኝ፦

«አንተ ሰደድካት፤ አንተ አምጣት።»

«ኢንሻ አላህ፣ እማየ።»

«ኢንሻ አላህን ለአላህ ተውለት። አንተ አምጣት።»

ማምጣት ካልቻልኩ መሄድ አለብኝ ብዬ ያሰብኩት አንድ ካሴት ከመጣ በኋላ ነው። የሰዎቹ ዘበኛ አርጅቶ ወደ አገሩ ወደ የመን ሊመለስ ነው አለች። ወንድሜ አለ፣ ሥራ የማይፈራ ነው፣ አልኳቸው አለች። «እንየው ብለዋል፤ በሀጅ ና። ካዩህና ከወደዱህ ስትመለስ በስምህ ያመለክቱልሃል፣ ቪዛው ደሴ ድረስ ይመጣልሃል። የበሩ ክፍል ለዘበኛ ነው፤ እኔ ማዕድ ቤት፣ አንተ በር። ቢያንስ በአንድ ግቢ ውስጥ እንሆናለን፣ ወንድሜ።» ሻይ ቤቱ በሙሉ ሰማ። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

ለሀጅ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትመለሳለህ ብሎ የሚፈርም ዋስ ያስፈልጋል። ሚስቱ ወጥታ የቀረችበት ሰው አይፈቀድለትም፤ እሱም ሊቀር ነው ይባላል። ሊቀመንበሩ ፊት ቆምኩ። ብዕሩን በጥርሱ ይዞ አየኝ።

«ሚስትህ የት ናት?»

«ደጋን፣ እናቷ ጋ።»

«ደጋን?»

«ደጋን።»

«ባለፈው ካሴቷን ስሰማ ደጋን አይመስለኝም ነበር። ከኋላህ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።»

የመጣልኝን ተናገርኩ። «ያቺ እህቴ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር። ወንድሜ ስትለኝ አልሰሙም? ካላመኑኝ መዝገባችሁን ይዩት።»

ጸሐፊው መዝገቡን አመጣ። ሊቀመንበሩ አነበበ፣ ጸሐፊውን አየ፣ እንደገና አነበበ፤ ከዚያ ብዕሩ ከአፉ እስኪወድቅ ሳቀ። «እኛው ነን ወንድም ያደረግንህ!» አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ክፉ የሆነበትን ቀን አይቻለሁ፣ ያን ቀን ግን አልነበረም። «ዋስህ ማን ነው?»

«ባለ ሻይ ቤቱ።»

«ብትቀር የምናስረው እሱን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ሂድ። ስትመለስ ጓድ ሀጂ ብለን እንቀበልሃለን።»

የባለ ሻይ ቤቱን ፊርማ ይዤ ሄድኩ። ክርስቲያን ነው፤ ለእስላም ሀጅ አንገቱን አስይዟል። መሳፈሪያውን የላከችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ስንጉላላ፣ ስንሰለፍ፣ ፎቶ ስንነሳ የነበረውን አልተርክም፤ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ለበይክ፣ አቤት ጌታዬ ሲል እኔም እላለሁ፤ አላህ ግን ልቤ ወዴት እንደሚጣራ ያውቃል።

ጂዳ ከባልደረቦቼ ተነጥዬ የሰዎቹን ቤት አገኘሁ። ትልቅ የብረት በር ነው። ጥቁር ለብሳ ወጣች። የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። የቤቱ ጌታ ከኋላዋ ቆሟል።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ» ብላ ግራ ቀኝ ጉንጬን ሳመችኝ። እንደ እህት ነው የሳመችኝ፤ ቶሎ ቶሎ፣ ድምፅ ያለው። ከንፈሯ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ፣ «ቆዳ ቆዳ አትሸትም» አለችኝ።

«ታጥቤ ነዋ።»

«ባትታጠብ ይሻል ነበር።»

በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ከሽማግሌው የመናዊ ዘበኛ ጋር አሳደሩኝ። ሀጁ እስኪደርስ ግቢውን ጠረግኩ፣ ዛፍ አጠጣሁ፣ በር ከፍቼ ዘጋሁ። ጌታው በመስኮት ያየኛል፤ ራሱን ይነቀንቃል። ወደውኛል። ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ ደፉ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ወንድም ስለሆንኩ የሚከለክለን የለም። ከሩዙ ውስጥ ሥጋውን እየለቀመች ወደ እኔ ትገፋለች። ዘበኛው አብሮን ይበላል፤ ለአፍታ እንኳ ዞር አይልም። አንድ ቀን ልታጎርሰኝ አነሳችና መሐል ላይ ተወችው። እህትም እኮ ታጎርሳለች! ማንም ምንም አይላትም ነበር። ግን እጇ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል፤ አፈረ። ጉርሻውን ራሷ በላችው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሩዜን በላሁ። ደሴ ሆኜ ስናፍቃት ይሻል ነበር ብል ማን ያምነኛል? ርቃ ስትናፍቅ ሰው ይችለዋል። ጉልበቷ ጉልበቴን ሊነካ ምንም ሳይቀረው መናፈቅ ግን ያሳብዳል።

የጌታው እናት መራመድ የማይችሉ አሮጊት ናቸው። ሚስቴ ናት የምታነሳቸው፣ የምታጥባቸው፣ ፀጉራቸውን የምትሠራቸው። ልጄ ነው የሚሏት። ለእኔም ደግ ነበሩ፤ ገና እንደመጣሁ ጀለቢያ ሰጡኝ፣ ተምር ላኩልኝ። ክፋቱ ደግነታቸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሬ ቀላል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ አስጠሩኝ። ገባሁ፣ ከምንጣፉ ጫፍ ተቀመጥኩ። አሮጊቷ ትራስ ተደግፈው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሚስቴ እግራቸው ሥር ናት። ከእኔ ዓረብኛ የሚገኘው የሰላት ብቻ ስለሆነ የምታስተረጉመው እሷ ናት። አሮጊቷ ረጅም ንግግር ተናገሩ። እየተናገሩ በመስኮት ወደ ውጭ ያሳያሉ፤ ውጭ ሹፌሩ፣ የሟች እህታቸው ልጅ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ ንጹሕ መኪና እንደገና ያጥባል። ንግግሩ አለቀ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ፈገግ በል።»

«ምን አሉ እኮ ነው የምልሽ!»

«አትጩህ፤ ፈገግ ብለህ ስማ። ሹፌሩ ሚስቱ ሞታበታለች። ደግ ነው፣ ሰላት አያሳልፍም እያሉ ነው።»

«አላህ ይርሐማት። እና እኔ ምን ላርግለት?»

«እኔን እንድትድረኝ እየለመኑህ ነው።»

ወሏሂ የሰማሁት አልመሰለኝም። አሮጊቷ ፊቴን እያዩ በደስታ ይስቃሉ። ወንድም ነኝ ብዬ ስመጣ ስንቱን ነገር አስቤ ነበር፤ ስለ አባታችን ቢጠይቁኝ፣ ስለ ዘመዶቻችን ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አጥንቼ ነበር። አባቷ የሞተ ሴት ወንድሟ ወሊዋ ሆኖ የሚድራት መሆኑን፣ እሷን የሚፈልግ ሰው እኔን እንደሚጠይቅ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። የሰፈራችን ሼህ ቢሰሙ በከዘራቸው በመቱኝ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ወሊው አንተ ነህ» አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ ሳቅም እንባም ነበር፤ የትኛው እንደሚቀድም አታውቅም።

«ሽማግሌ ልኮ በአገር ደንብ ይጠይቅ በያቸው። ደሴ ድረስ ይላክ።»

አስተረጎመች። አሮጊቷ እጃቸውን አወናጨፉ። «እኔ ከማንም ሽማግሌ በላይ አሮጊት ነኝ፤ ይኸው ጠየቅኩ ይላሉ።»

«ታጭታለች በይ።»

«ብያለሁ። ‹የት ነው እጮኛው? ይህን ያህል ዓመት አንዲት ቃል ያልላከ እጮኛ ነው?› ይላሉ።»

«ካሴት ልኳል በያቸው!» አልኩ። ይሄ አምልጦኝ ነው። እሷ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ፍርስ ብላ ሳቀች። አሮጊቷም አብረው ሳቁ፤ እሺ ያልኩ መስሏቸዋል። ሹፌሩን ለመጥራት እጃቸውን ወደ መስኮቱ አነሱ።

ያኔ ሚስቴ እጃቸውን ያዘቻቸው። አጭር ነገር ተናገረች። ከተናገረችው አንዲት ቃል ብቻ ገባችኝ፣ ዘውጂ የምትለዋ፤ ባሌ ማለት ነው። መቁጠሪያው ቆመ።

አሮጊቷ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ። አልጮኹም። ራሷን ወደ ጭናቸው ስበው ፀጉሯን ይደባብሱ ጀመር፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ያለቅሳሉ፣ እኔ እንደ ሌባ ምንጣፍ ጫፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

ማታ ጌታው ፈረደ። እሱም አልጮኸም፤ ባለመጮኹ የባሰ ተቃጠልኩ። እሷው ናት የምታስተረጉምልኝ፤ የራሷን ፍርድ።

«ወንድም ብትሆን ነገ ባመለከትኩልህ ነበር ይላል። ባል ግን አላስገባም ይላል። ባሏ በር ላይ የቆመ ሴት ልቧ ቤት ውስጥ አይውልም፣ ደግሞም ትወልዳለች ይላል።»

«እንግዲያ ሚስቴን ስጠኝ፣ ይዣት ልሂድ በይው።»

አስተረጎመች። መለሰላት።

«እናቴ ያለ እሷ ከሌላ ሰው እጅ ውሃ አይጠጡም ይላል። ፓስፖርቴ እሱ ጋ ነው። እናቱ በሕይወት እስካሉ አልሄድም፤ እሳቸው ያለፉ ቀን ትኬቴን ቆርጦ ይሸኘኛል። ማልሏል።»

«አንቺስ?»

«ማን ያጥባቸዋል?» አለችኝ።

በዚያው ማታ ከግቢው ወጣሁ። ወንድም ሳለሁ ከበር ውስጥ ነበርኩ፤ ባል ስሆን ከበር ውጭ ቀረሁ። ወደ መካ የምሄድ ዕለት በሩ በሰንሰለት ተይዞ ገርበብ ብሎ ተከፈተልኝ፤ በስንጥቁ ግማሽ ፊቷን አየሁት።

«ለምን ነገርሻቸው?» አልኳት። ቁጡ ነኝ፤ ደህና ሁኚ ማለት ሲገባኝ ይህን አልኩ። «ሌላ ሰበብ ፈልገን ነገሩን ባጓተትነው። ዝም ብትይ ቪዛው ይመጣልኝ ነበር።»

«ይመጣ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ወንድሜ ማለት ሰለቸኝ» አለች። «ደሴ ሆነህ ስትሰማው ለአንተ ቃል ነው። እኔ ግን በየቀኑ ስለው፣ ስለው፣ አንድ ቀን እውነት መሰለኝ። ደፉ ላይ ቁጭ ብለህ ስትበላ አየሁህና ወንድሜ መሰልከኝ። ፈራሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ባሌ ብዬ በአፌ ልጥራህ ብዬ ነው።»

ጣቷን በስንጥቁ አወጣች። ያዝኳት። ዘበኛው ከውስጥ ሳል አለና በሩን ገፋው።

አረፋ ላይ ቆምኩ። ያን ሜዳ ያላየ ሰው አይገባውም፤ እስከ ዓይን ዳር ድረስ ነጭ የለበሰ ሰው እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል። እዚያ የተጠየቀ አይመለስም ይባላል። አጠገቤ የቆመ የሐረር ሰው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው ሳይቀር እየዘረዘረ ይለምናል። እኔ እጄን ዘርግቼ ዝም። ከአላህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሚስቴ ትምጣልኝ። እሷ የምትመጣው ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ጀለቢያ የሰጡኝን፣ ሚስቴን ልጄ የሚሉትን አሮጊት አስታወስኩ። አፌ ድረስ መጣ። መልሼ ዋጥኩት። «አንተ ታውቃለህ» አልኩ። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው፤ አንተ ታውቃለህ።

ተመለስኩ። ሰኞ ገበያ መንዙማ ተባለልኝ፣ ሊቀመንበሩ እንዳለው ጓድ ሀጂ አለኝ። ባለ ሻይ ቤቱ አቅፎኝ አለቀቀኝም። «እኔ እኮ ለእስር ቤት ብርድ ልብሴን አሳጥቤ ነበር» አለኝ፤ እንባውን ግን አልደበቀውም። ከሀጅ የመጣ ሰው ዱዓው ይሰማል ስለሚባል ሰው ቤቴን ሞላው። አንዷ ለልጇ፣ አንዱ ለነገሩ፣ ሌላዋ ለወገቧ። ለሁሉም አደረግኩ። ምኔ ይጎዳል?

አማቴ አልመጡም፤ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ብቻዬን ስገባ አዩ። ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጡኝ።

«አየሃት?»

«አየኋት፣ እማየ።»

«ከሳች?»

«አልከሳችም።»

«መቼ ትመጣለች?»

ውሸት ሰልችቶኛል። ደሴ ላይ ሚስቴ ደጋን ናት ብያለሁ፣ ጂዳ ላይ እህቴ ናት ብያለሁ። ለእሳቸው እንዳለ ነገርኳቸው፤ አሮጊቷን፣ ጌታውን፣ መሐላውን። አሮጊቷ ሲሞቱ ብቻ ነው የምትመጣው አልኩ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ።

«ስንት ዓመታቸው ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ እኩያ ይሆናሉ።»

«ይታመማሉ?»

«እግራቸው ብቻ ነው።»

«የእኔም እግሬ ነው» አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ አማቴ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። «አየህ ጉዴን? ልጄን እንዳይ እኩያዬ ትሙትልኝ ልበል? ደግሞ እኔ ብቀድም ምን ይውጠኛል?»

«ምን እንበል ታዲያ፣ እማየ?»

«ሀጂ አንተ አይደለህ? እጅህን ዘርጋ። ለሁለታችንም ዕድሜ ስጥ በል።»

«እማየ፣ እንዲያ ካልን እኮ እሷ…»

«አውቃለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም። በል።»

እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው የተሰነጣጠቀ እጃቸውን ከነጠላቸው አወጡ። ያ ረብ፣ ለሁለቱም ዕድሜ ስጥ አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አልኩት። አሚን አሉና ፊታቸውን አበሱ።

ለራሴ የተመኘሁት አልደረሰልኝም፤ ይህኛው ደረሰ። ሁለቱም ኖሩ፤ ረጅም ዘመን ኖሩ።